የማያልቀው የቆርኪ ካላንደር

ሐምሌ 2 ቀን 2017

መምህርታችን በመጨረሻው ቀን "እጃችሁ ፊደሉን እንዳይረሳ ቤታችሁ ማስታወሻ ጻፉ" ብላን ነበር። ይህን ምክር ከማታው ክፍል የሰማነው ብዙ ነን። ደብተር ገዝታ የተቀመጠችው ግን አንድ ናት። ሌሎቹ ሰርተፍኬታቸውን በላስቲክ አስለብጠው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ሰርተፍኬት ተሰቅሎ ያያል እንጂ አይጽፍም።

ለታሪክ እንዲሆን ልጻፈው። ስሜ ጤናዬ ነው። 18 ማዞሪያ ጉልት ላይ ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ፍቅረማርያም አየር ጤና አንድ የሕንፃ ዕቃ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነው። የምንኖረው እትዬ አልማዜ ግቢ ተከራይተን ነው። አምና ይህን ጊዜ በጣቴ ነበር የምፈርመው። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ አነባለሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ለማያነቡት ስል። ትናንት አንዱ ጎረምሳ "እማ፣ እኛም እኮ እያየን ነው" አለኝ።

"ማየትና ማንበብ ይለያያል" አልኩት፤ "እኔ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይ ነበር።"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ መልስ መስጠት ረሳ፣ ሲስቅ።

ሐምሌ 6

ዝናብ። የጉልቱ ሸራ ተነቀለ። ድንቹ ዋኘ። ቃሪያው ተከተለው። ደክሞኛል፤ ነገ።

ሐምሌ 10

ዛሬ ለቤታችን የመጣ ደብዳቤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አነበብኩ። ድሮ ቢሆን ለመሲ ነበር የምንሰጣት። መሲ የጎን ተከራያችን ናት፤ ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ስታነብ የማይጥማትን ትዘላለች። እኔ ምንም አልዘለልኩም። "ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት" ይላል። አንዴም ሳልቆም ጨረስኩት። "የመጨረሻ" የምትለዋ ላይ እንኳ አልቆምኩም።

ነገሩ የገባኝ ካነበብኩ በኋላ ነው። ፍቅረማርያም በሰኔ አንድ ሌሊት፣ በዚህ ወር ደግሞ አንድ ሌሊት ተራው ሆኖ ሳይገባ ቀርቷል። ሦስተኛ ከቀረ ይሰናበታል።

"ተራህ መሆኑን ረስተህ ነው?" አልኩት።

"አልረሳሁም። ዕረፍቴ መስሎኝ ነው።"

"ይሄ ከመርሳት በምን ይለያል?"

"መርሳት መርሳት ነው። ይሄ መምሰል ነው።"

እውነቱን ነው። ቀን ተኝቶ ማታ የሚነሳ ሰው ሰኞን ከማክሰኞ በምን ይለየዋል? አውራ ዶሮ እንኳ በጨለማ ቢዘጉበት ጩኸቱን ያዛባል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

ደሞዙ አይደለም የሚያሳስበኝ። ማለቴ፣ እሱም ያሳስበኛል። ግን አምና አሞት ሁለት ሳምንት ቤት ሲውል ግድግዳ ሲያይ ነበር የሚውለው። ወደዚያ በር የተመለሰ ዕለት ጫማውን ደጋግሞ ቀባ፤ እያፏጨ ወጣ። ያ በር ለእሱ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐምሌ 12

አገኘሁት። ካላንደር ነው የሚያስፈልገን።

ቤታችን የተሰቀለው የ2009 ነው። ፏፏቴው ስላማረን ሳንጥለው ቀረን። አዲስ ልግዛ ብል፣ ሐምሌ ላይ ካላንደር መግዛት ለተበላ ሰርግ ልብስ ማሰፋት ነው፤ ሳይደምቅ ይጣላል። ስለዚህ የማይጣል ራሴ እሠራለሁ። በየወሩ የሚዞር፣ በየዓመቱ የሚያገለግል፣ ስንሞት ልጆች የሚወርሱት።

ሂሳቡም ይኸውና። ፍቅረማርያምና ባልደረባው ዳባ አንድ ሌሊት እሱ፣ አንድ ሌሊት እሱ እየተፈራረቁ ነው የሚገቡት። የፍቅረማርያም ተራ 1፣ 3፣ 5 እያለ ጎዶሎ ቀን ላይ ይውላል። ዕረፍቱ 2፣ 4፣ 6 እያለ ሙሉ ቀን ላይ ነው። የእኛ ወር ደግሞ ሁልጊዜ ሠላሳ ነው፤ በሠላሳ ዕረፍት ያልቃል፣ የሚቀጥለው በአንድ ሥራ ይጀምራል። ፈረንጅ ወሩን አንዴ ሠላሳ አንድ፣ አንዴ ሃያ ስምንት እያደረገ ይቸገር። እኛ ጎዶሎው ቀይ፣ ሙሉው ነጭ፤ እስከ ዕለተ ምጽአት አለቀ።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ድንች እየመዘንኩ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ከልክ በላይ አስመዝናኝ ሄደች። ይሁን፤ ሊቃውንትም ሲያስቡ ይዘረፋሉ።

ሐምሌ 15

ዕቃ ተሟላ። ኮምፔርሳቶው ከእትዬ አልማዜ ኮርኒስ ላይ የወረደ ነው፤ ዳሩን ውሃ በልቶታል፣ መሐሉ ደህና ነው። ማልበሻው የምረቃ ባነር ነው። ፊቱ ላይ "እንኳን ደስ አለህ ኢንጂነር" ይላል፤ ጀርባው ግን ነጭ ነው፣ ቁጥሩን የምጽፈው ጀርባው ላይ ነው። ሚስማሩን ከመንገድ ለቅሜ በድንጋይ አቃናሁት። ቆርኪ ከግሮሰሪው በነፃ ነው፤ ባለቤቱ ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝ። "ዓመት ልሠራበት ነው" አልኩት። ገና በጠዋቱ የጠጣሁ መሰለው።

ቀዩን ቀለም ከመሲ ወሰድኩ። የጥፍር ቀለም።

"እትዬ ጤናዬ፣ እሱን እኮ ለሰርግ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ለማን ሰርግ?"

"ለሚመጣው።"

"እስኪመጣ ይደርቅብሻል። አምጪው።"

ሐምሌ 19

ተሰቀለ። በሩን እንደገቡ ፊት ለፊት።

እንዲህ ነው። ሠላሳ ሚስማር ሰባት ሰባት እየሆነ ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ በላይ ቁጥሩ አለ። ጎዶሎው በመሲ ሰርግ ቀልሟል። የሳምንቱ ቀኖች ስም በካርቶን ተጽፎ ከላይ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል፤ ወር ሲለወጥ ስሞቹ ሁለት ሁለት ቤት ይሸሻሉ። የወሩም ስም እንዲሁ በካርቶን ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሰቀላል። አንድ ቆርኪ በክር አለ። ጠዋት ጠዋት ፍቅረማርያም ያን ቆርኪ አንስቶ ወደ ዛሬ ያሻግረዋል። ቆርኪው ቀይ ላይ ካረፈ ማታ ሥራ ነው። በቃ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይገባዋል፤ እኔ ራሴ ትናንት እንደዚያ ስለነበርኩ ለእነሱ አዝኜ ነው።

ግቢው ተሰብስቦ አየ። እትዬ አልማዜ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው "ጤናዬ፣ ኮርኒሴን ብትመልሺልኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ። ግን ቶሎ አልሄዱም። ወንበር አስመጡ።

ፍቅረማርያም ቀረብ ብሎ ቆርኪውን በጣቱ ነካው። "ቆንጆ ነው" አለ፤ "ማን ሠራው?"

ሳምንቱን ሙሉ ሚስማር ሲያቀብለኝ የነበረው እሱ ነው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ቀልድ ከእኔ ተምሯል። ሲቀልድ ፊቱ አይለወጥም፤ እሱ ነው ጥበቡ።

ሐምሌ 27

ይሠራል። እስካሁን አንድም ቀን አላለፈውም። ዳባ ጉልቴ ጋ መጥቶ ሽንኩርት እየመረጠ "እትዬ ጤናዬ፣ ጋሽ ፍቅሬ ሰሞኑን ከእኔ ቀድሞ ነው የሚገባው ይላል የቀኑ ጥበቃ" አለኝ። ዳባ የዘነበወርቅ ልጅ ነው፤ ሲያወራ ግማሹን በኦሮምኛ ለራሱ ያወራል፤ ክፉ አያውቅም።

"ሚስጥሩን ልንገርህ? ባልን ላስተምር ከማለት ካላንደር መስቀል ይቀላል።"

"እኔ ባል የለኝም።"

"ሚስት ስታገባ ለእሷ ትነግራታለህ።"

ሽንኩርቱን አላስወደድኩበትም።

ነሐሴ 1

ወር ተለወጠ። ሐምሌን አወረድኩ፣ ነሐሴን ሰቀልኩ። ቀኖቹን ሁለት ቤት አሸሸሁ። ሐምሌ 30 ነጭ፣ ነሐሴ 1 ቀይ። ልክ እንዳልኩት። ፍቅረማርያም ማታ ያለ ጥያቄ ወጣ።

መሲ የራሷን እንድሠራላት ለመነችኝ። ተራ ያዢ አልኳት። ፍልሰታ ገብቷል፤ በጾም ጉራ አይበዛም እንጂ፣ ይህን አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ፦ ኢንጂነሩ ምረቃውን ያከበረው ባነር ፊት ላይ ነው፤ ሥራው የተሠራው ግን ጀርባው ላይ ነው።

ነሐሴ 9

ቧንቧው ጋ ጀሪካን ይዤ ስደርስ እትዬ አልማዜ ጀርባቸውን ሰጥተው ለጎረቤት እያወሩ ነበር። "ሰውዬው እኮ በቁሙ እየሄደ ነው" ይላሉ። "እሷ ትቀልዳለች።"

ጀሪካኑን ሲሚንቶው ላይ ለቀቅሁት። ዞረው አዩኝና "ውሃው ቀጥኗል ዛሬ" አሉ።

የት ነው የሚሄደው? አየር ጤና ነው የሚሄደው፤ ቀይ ቀን ከሆነ። ነጭ ከሆነ የትም አይሄድም። ይህን ፊት ለፊት ብነግራቸው ጥሩ ነበር። ጥሩ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ጀሪካኑ ከሞላ በኋላ ነው።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። ፍቅረማርያም የሥራ ባትሪውን ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ዋለ። ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ አገኘሁት። እንደበራ ነው። "ዳቦው ጨለማ ፈርቶ ነው?" አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም።

ከሳቃችን በኋላ "ለዓለም ንገሪያት፣ ውሃ ትስጠኝ" አለኝ። ዓለም እህቴ ናት፤ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። ውሃውን ሰጠሁት። ስም የሚያምታታ ሰው ሞልቷል። እናቴ ስትጠራኝ የአምስቱን ልጆች ስም ጨርሳ ነበር የእኔ ጋ የምትደርሰው።

የሌሊት ሥራ ነው። እንቅልፍ ነው። ደግሞስ ዕድሜ ለማን ቀረ።

ነሐሴ 28

ፍቅረማርያም ጠዋት ቆርኪውን ካሻገረ በኋላ አልሄደም። እዚያው ቆሞ የወሩን ካርቶኖች ይቆጥራል።

"ጤና፣ ጳጉሜን የት አደረግሻት?"

እኔም ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ናቸው። ጳጉሜ የለችም።

ምን ሆኜ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የወሮችን ስም በቅደም ተከተል የማውቀው በቤት ኪራይ ነው። እትዬ አልማዜ ለጳጉሜ ኪራይ አይቀበሉም። ፍቅረማርያምም የጳጉሜ ደሞዝ የለውም። የማይከፈልባትንና የማትከፍለውን ወር ማን ያስታውሳታል? ለእሷ የሚያለቅሰው ሰማይ ብቻ ነው።

ከፓስታ ካርቶን ቆርጬ በአንድ አፍታ ጻፍኳት። ከስድስት ቁጥር ጀምሮ ያሉትን ሚስማሮች በፌስታል ሸፈንኳቸው፤ አምስት ቀን ብቻ ቀረ። ተስተካከለ። "አየህ" አልኩት፤ "ስህተት እንኳ ስሠራ ቶሎ ነው የማርመው።"

"አንቺ ስትረሺ መፍጠን ነው፤ እኔ ስረሳ ማስጠንቀቂያ ነው" አለ። እንዲህ ያለውን ሲናገር ይህ ሰው ምን ሆነ ይባላል?

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ የግቢው ልጆች በቁምጣ ወጥተው ዘለሉ። ፍቅረማርያምም ሸሚዙን አውልቆ መሐላቸው ገባ። መሲ በመስኮት ሆና "ጋሼ፣ ብርድ ይመታዎታል" ትላለች፤ እሱ ባኞውን ራሱ ላይ ይገለብጣል። እትዬ አልማዜ እንኳ እጃቸውን አውጥተው ዝናቡን ተቀብለው ፊታቸውን አበሱ።

ማታ ቀይ ነበር። ፀጉሩ ሳይደርቅ፣ እያፏጨ ሄደ።

መስከረም 1 ቀን 2018

እንኳን አደረሰን።

ፍቅረማርያም ጠዋት ከሥራ ገብቶ ተኛ፤ የመስከረምን ካርቶን ሰቅዬ ቆርኪውን እኔ ወደ አንድ አዞርኩት። አንድ ቀይ ነው። በልተን፣ ቤት ለቤት እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን፣ ቀኑ ዘንበል ሲል "ልብስህን ልበስ" አልኩት።

"ለምን?"

"ተራህ ነው።"

"ትናንት አድሬ መጣሁ እኮ።"

"ካላንደሩ ቀይ ነው።"

"ትናንትም ቀይ ነበር።"

"ትናንት ጳጉሜ ነበር። ዛሬ ሌላ ወር፣ ሌላ ዓመት ነው። በበዓል ተራ ይደራረባል።"

በበዓል ተራ እንደሚደራረብ ማን ነገረኝ? ማንም። አፌ ላይ መጣ፣ አልኩት። በሐሳቤ ያለችው ያቺ የምታስባርረው ሦስተኛ መቅረት ብቻ ነበረች።

ካላንደሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "ትናንት ... አላደርኩም?" አለኝ። ለዳባ ልደውል ብሎ ስልኩን አወጣ። "ተው" አልኩት፤ "ረሳ ይሉሃል።" ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። የበዓል ሸሚዙን አውልቆ የጥበቃ ልብሱን ለበሰ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። "ዳባ ዛሬ እኔ ልሥራልህ አለኝ" አለ። ጥሩ ልጅ ነው ዳባ። ፍቅረማርያም ግን ሳይበላ ተኛ። የበዓል ታክሲ አድክሞት ነው።

መስከረም 2

ነጭ ቀን። ዕረፍት። ቆርኪውን እንዲያሻግር ብጠብቅ አልነካውም። "አንቺ አድርጊው" አለኝ። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፤ ቻርጅ አድርግ ብለው እሺ ብሎ ተኛ። ጉልቱ አድክሞኛል።

መስከረም 3

ብዙ እጽፋለሁ። እጄ እስኪዝል።

ጠዋት ዕቃዬን ሳልዘረጋ ዳባ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። "እትዬ ጤናዬ፣ ጋሽ ፍቅሬ ደህና ነው?"

"ምን ሆነ?"

"ትናንት ማታ ተራው ነበር፤ አልመጣም። የቀኑ ልጅ ጠብቆ ጠብቆ ደወለልኝ፤ እኔ ነኝ ሄጄ ያደርኩት። ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ማራኪ ስትወጣ አለመምጣቱን አይታለች።" ማራኪ የመጋዘኑ ኃላፊ ናት። ደብዳቤውን የፈረመችው እሷ ናት።

"ትናንት ዕረፍቱ ነው" አልኩት። "በበዓሉ ተራው ሆኖ ቢመጣ ደግሞ ልሥራልህ ብለህ አንተ ነህ የመለስከው።"

"የበዓሉ ዕለት የራሴ ተራ ነበር። ሲመጣ፣ ጋሼ ዛሬ የኔ ነው አልኩት፤ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የበሩን ብረት ይዞ ቆመ። ቆየ። ታክሲ ላሳፍርህ ብለው እምቢ አለ።"

ሽንኩርቱን ለጎኔ ነጋዴ አደራ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ካላንደሩ ፊት ቆሜ በጣቴ ሄድኩበት። ጳጉሜ አንድ ሥራ፣ ሁለት ዕረፍት፣ ሦስት ሥራ፣ አራት ዕረፍት፣ አምስት ሥራ። ከአምስት ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ዕረፍት ነው፤ እኔ ግን መስከረም አንድን ቀይ አድርጌ ሰቅያለሁ። ያቺ ደሞዝ የሌላት ወር አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች ተራውን ገልብጣዋለች። ከመስከረም ጀምሮ ሥራው ሙሉ ቀን ላይ ነው። ካርቶኗን ስጨምር ወሯን ጨመርኩ እንጂ የምታመጣውን አላሰብኩም። ሁለት ቀይ ተከታትሎ ሲመጣ እሱ አይቶ ነግሮኛል። እኔ ምን አልኩት? ሌላ ዓመት ነው አልኩት።

ፍቅረማርያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"ስህተቱ የካላንደሩ ነው" አልኩት። "የእኔ ነው። በዓሉ ዕለት ተራህ አልነበረም። ትናንት ነበር።"

ቀና አለ። "እንግዲያው ልክ ነበርኩ?"

"ልክ ነበርክ።"

"አድሬ ነበር የመጣሁት?"

"አድረህ ነበር የመጣኸው።"

"ጤና፣ ልክ ነበርኩ?"

ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ረስቶ አልነበረም። ጥሞት ነው። በጠየቀኝ ቁጥር መለስኩለት።

ካላንደሩን ከግድግዳ አውርጄ ከእሱ ጋር አየር ጤና ሄድን። ቅዳሜ ነው፣ ቢሮ በግማሽ ቀን ይዘጋል። ረዳቱ ኮምፔርሳቶውን አይቶ "እማ፣ ይሄም ይከፍላል፤ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል" አለኝ። "ሰው አይደለም፣ ዓመት ነው" አልኩት። "ዓመትም ቢሆን ይከፍላል" አለ። ከፈልኩ።

ማራኪ ልጅ ናት፤ ግን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ልጅነቷ አይታይም። ፍቅረማርያምን "ጋሼ፣ ውጭ ትንሽ ይቀመጡልኝ" ብላ እኔን አስገባችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ካላንደሩን ዘረጋሁት፤ ቆርኪው ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቀዩን፣ ነጩን፣ ጳጉሜን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። ሳቀች። ስትስቅ ጊዜ ልቤ መለስ አለልኝ።

ከዚያ "ይህስ ገባኝ" አለች። "የሰኔውስ? የሐምሌውስ?"

ካላንደሩን የሰቀልኩት ከደብዳቤው በኋላ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ግቢው ያውቃል፣ ደብተሬም ያውቃል።

"የእሱም ጥፋት የካላንደሩ ነው" አልኳት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰቀለው?"

"ከግንቦት።"

ቀዩን ቁጥር በጣቷ ነካችው። "ቀለሙ አዲስ ይመስላል።"

"በየበዓሉ አድሰዋለሁ።"

"እና በየወሩ ነው የተሳሳተው?"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ገና ከማታ ትምህርት የወጣሁ ነኝ። ፊደሉን ለይቼ ነው እንጂ ሂሳቡ አልገባኝም። ማንበብም ቢሆን ግማሽ በግማሽ ነው። እሱ ደግሞ ሚስቴ ተምራለች ብሎ አመነኝ። እሱ ምን ያድርግ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ጥርስ እንደ መነቀል ነው። ያማል፣ ግን ያልቃል።

ማራኪ እኔን አየችኝ። ከዚያ በመስኮቱ አየች። ፍቅረማርያም በሩ ጋ ተቀምጦ ለሚገባው ሁሉ ይነሳል፣ ለሚወጣው ሁሉ ይነሳል።

"ከሰኞ ጀምሮ ቀን ይግቡ" አለች። "የቀኑ ልጅ ወደ ማታ ይዛወራል። በየቀኑ ጠዋት ገብተው ማታ መውጣት ነው፤ ተራ የለውም። ቀን ደግሞ ሰው አለ።"

ቀን ሰው አለ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የወደቀውን ቆርኪ ጎንበስ ብላ አንስታ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

መስከረም 4

ወሬው እኔን ቀድሞ ግቢ ገባ። ዳባ ለመሲ፣ መሲ ለግቢው ሁሉ። እትዬ አልማዜ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ "ምሁሯ፣ ባልሽን ልታስባርሪው ነበር አሉ" አሉኝ። መሲ ተራ ይዤ ነበር፣ ተራዬን ሰርዢልኝ አለች። የጉልት ጎረቤቴም ሚዛን ስይዝ "በጳጉሜ ነው የምትመዝኚው?" አለችኝ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ የእኔ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ አልሰጠሁም። መልስ ሞልቶኛል፤ ግን የረሳው ማን እንደሆነ ማንም እንዲያስብ አልፈልግም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሁሉም እንዲህ ይወቅ።

መስከረም 5

ጠዋት አብሬው ወጣሁ። ጦር ኃይሎች ጋ የሽንኩርት አይሱዙ ይቆማል፣ ርካሽ ነው አሉ፣ እዚያ ድረስ አብረን እንሂድ አልኩት። እሺ አለ። ጫማውን ቀብቷል።

ጦር ኃይሎች ወርደን ታክሲ መቀየር አለብን። ወረፋው ብዙ ነው፤ ረዳቶቹ በአንዴ ይጮሃሉ፤ አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ አስኮ፣ አንዱ አየር ጤና። ፍቅረማርያም ቆመ። ሰማዩን ያያል፣ የሚዘንብ ከሆነ ብሎ። እኔ ደግሞ የታፔላዎቹን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነብ ጀመር፤ እንደ ልማዴ። "ሜክሲኮ። አስኮ። አየር ጤና።" የመጨረሻው ላይ አቆምኩ። እሱም ወደዚያው ተራመደ።

ወረፋው ላይ እንደቆምን ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ "የሰኔና የሐምሌው ያንቺ አልነበሩም" አለኝ።

"ምኑ?"

"ታውቂያለሽ። የሐምሌው ዕለት ለሥራ ወጥቼ ነበር። እዚህ ነው የደረስኩት።" በአገጩ የቆምንበትን አሳየኝ። "ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚያዝ ጠፋብኝ። እስኪመሽ ቆሜ ተመለስኩ፤ ላንቺ ዕረፍቴ ነው አልኩሽ።"

ያኔ ዕረፍቴ መስሎኝ ነው ያለኝን አስታወስኩ። ክንዱን ያዝኩት። "ማራኪ ጥፋቱ የጤናዬ ነው ብላ ጽፋለች" አልኩት፤ "በጽሑፍ ያለቀን ነገር አንተ ልትሽረው ነው?"

ፈገግ አለ። ተራችን ደረሰ፤ ገባ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ አንገቱን አውጥቶ አካባቢውን አየ፤ አይሱዙም የለም፣ ሽንኩርትም የለም።

"ጤና፣ ነገም ሽንኩርት ትገዣለሽ?" አለኝ።

"በየቀኑ ነው የምገዛው" አልኩት።